ኤዲሰን እኮ ዱቤ የሚሰጠው ሰው ነበረው

ባለፈው ሰኞ ጠዋት ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርድ ሚኒባስ ውስጥ ነበርኩ። ሐረጎ ላይ ጉሙ መንገዱን ውጦታል። ሹፌሩ መብራቱን አብርቶ ቀስ እያለ ይወርዳል። ከጎኔ አንድ አባት ከልጃቸው ጋር ተቀምጠዋል። ልጁ 24 ወይም 25 ዓመት ቢሆነው ነው። አባትየው ስልካቸውን ከዓይናቸው ራቅ አድርገው ይዘው ጮክ ብለው ያነባሉ።

«ስማ! ከትምህርት ቤት አባረሩት ይላል። ጆሮው ደነቆረ ይላል። የሚሠራበት ቤት ተቃጠለ። አንተ ምን ሆንክ? ሁለት ጤነኛ ጆሮ አለህ። ዲግሪ አለህ።»

ልጁ በመስኮቱ ወደ ውጭ ያያል። ውጭ ከጉም በቀር የሚታይ ነገር የለም።

«እሺ አባዬ» አለ በመጨረሻ። ሌላ ምን ይበል?

ጽሑፉን ወዲያው አወቅኩት። በዚያው ሳምንት አንዴ የሥራ ባልደረባዬ፣ አንዴ እህቴ ልከውልኝ ነበር። «ችግር የወለደው ሊቅ» ይላል ርዕሱ። ስለ አሜሪካዊው ፈልሳፊ ቶማስ ኤዲሰን ነው። የጸሐፊው ስም የለበትም፤ ግን የአገራችን ልጅ መሆኑ ያስታውቃል፤ መጨረሻው ላይ ደሴንና ኮምቦልቻን በስም ጠርቶ ይወቅሳል። እኔ ኮምቦልቻ ውስጥ ኤሌክትሪክ አስተምራለሁ። ስለ ኤዲሰን ሲወራ ዝም ብዬ ማለፍ አይሆንልኝም። ስለ ተማሪዎቼ ሲወራማ ጭራሽ።

መጀመሪያ ጽሑፉ የሚለውን ሳላጣምም ላስቀምጥ። ኤዲሰን በልጅነቱ «አእምሮው ደካማ ነው» ተብሎ ከትምህርት ቤት ተባረረ፤ እናቱ ግን የመምህሩን ደብዳቤ ቀይራ አንብባለት አዳነችው። ጆሮው መደንቆሩ በረከት ሆነለት። ማንም ሳይረዳው ጋዜጣ ከመሸጥ ተነስቶ፣ 10,000 ጊዜ ወድቆ፣ አምፖልን ፈለሰፈ። በ67 ዓመቱ ንብረቱ ሁሉ ሲቃጠል በማግስቱ ከባዶ ጀመረ። ስለዚህ፣ ይላል ጸሐፊው፣ የደሴና የኮምቦልቻ ወጣት መብራት የለም፣ ብድር የለም፣ ሥራ የለም የሚለው ሰበብ ነው። ችግር ሰውን ይሠራል እንጂ አይጥልም።

ጽሑፉ ደስ የሚል ጽሑፍ ነው። ቀልብ ይይዛል። የጻፈውም ሰው ክፉ አስቦ አይመስለኝም። ኤዲሰን ሥራ ወዳድ እንደነበር፣ ሌሊቱን ሲሠራ አድሮ ጠረጴዛ ላይ ጋደም ይል እንደነበር እውነት ነው። ትምህርት ቤት ያልወደደው ልጅ ሁሉ ሰነፍ አይደለም የሚለውንም በሁለት እጄ እቀበላለሁ። ከሌላው ግን ብዙው አይገጥምም። (ዓመተ ምሕረቶቹ የእኛ ካላልኩ በስተቀር በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ከደብዳቤው ልጀምር፤ ምክንያቱም ይህችን እኔም አምኛት ነበር። የዛሬ ሁለት ዓመት ለተማሪዎቼ አንብቤላቸው አንዲት ልጅ አልቅሳለች። ታሪኩን ታውቁታላችሁ። ልጁ ከመምህሩ የተላከ ወረቀት ያመጣል። እናት እንባዋን እየጠረገች «ልጅዎ ሊቅ ነው፣ ትምህርት ቤታችን አይመጥነውም» ብላ ታነብለታለች። እሷ ከሞተች ከብዙ ዓመት በኋላ ኤዲሰን ወረቀቱን ያገኘዋል። ለካስ «ልጅዎ የአእምሮ ችግር አለበት» ነበር የሚለው።

እንዲህ ያለ ደብዳቤ የለም። ሊኖርም አይችልም፤ ኤዲሰን ራሱ ትልቅ ሰው ሆኖ የተናገረው ሌላ ነውና። ፖርት ሂውረን በምትባል የሚሺጋን ከተማ፣ ትምህርት ከጀመረ ጥቂት ወራት ሆኖታል። መምህሩ ስለ እሱ «ጭንቅላቱ የዞረበት ነው» ሲል በገዛ ጆሮው ሰማ። እያለቀሰ ቤቱ ሄዶ ለእናቱ ነገራት። እናት ተቆጣች። እጁን ይዛ ትምህርት ቤት ሄደችና ከመምህሩ ጋር ተጨቃጨቀች። ከዚያ አስወጥታው ራሷ ታስተምረው ጀመር። የተደበቀ ወረቀት የለም። በ1871 ስትሞት ልጇ የ24 ዓመት ወጣት ነበር፤ ምን እንደተባለም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያውቃል።

አሁን ልብ በሉ። ተረቱ ሲነገር አንድ ትልቅ ነገር ይወድቃል። እናትየው ከማግባቷ በፊት መምህርት ነበረች! የፊዚክስ መጽሐፍ አስይዛ በውስጡ ያሉትን ሙከራዎች እንዲሠራ ፈቀደችለት። የቤታቸው ምድር ቤት በጠርሙስና በኬሚካል ሞላ። ልጁ ከትምህርት አልተባረረም። ከአንድ መምህር ወደ ሌላ መምህር ተዛወረ፤ ያውም የግል መምህር፣ ያውም ቀኑን ሙሉ። እስቲ ሰኞ ገበያ ድንች ዘርግታ የምትውል እናት ይህን ታድርግ በሏት። ፍቅር አንሷት አይደለም።

ማስረጃ የሌለው ታሪክ ሩቅ የሚሄደው ጥሩ ስለሚመስል ነው። የእኛም ንጉሥ አላመለጡም። አፄ ምኒልክ ከአሜሪካ ሰው መግደያ የኤሌክትሪክ ወንበር አዝዘው፣ አገሩ ኮረንቲ ስለሌለው ዙፋን አደረጉት የሚል ተረት ፈረንጆቹ እስካሁን ይቀባበላሉ። እሱም ማስረጃ የለውም። እኛ በዚያ ተረት እንደምንናደደው፣ የኤዲሰን እናትም በዚህኛው ብትናደድ አይፈረድባትም። ያላደረገችውን ውሸት ሰጥተናት፣ ያደረገችውን ጠብና ድካም ወሰድንባት።

ወደ ጆሮው እንሂድ። ጽሑፉ የባቡር ኃላፊ በጥፊ መትቶት ደነቆረ ይላል። ኤዲሰን ራሱ ስለዚህ ነገር ከአንድ በላይ ታሪክ አውርቷል። አንዴ በሚንቀሳቀስ ባቡር ላይ ሊሳፈር ሲታገል ሰው ጆሮውን ይዞ ወደ ላይ እንደጎተተውና ያኔ አንድ ነገር ቀጭ ሲል እንደተሰማው ተናግሯል። የሕይወት ታሪኩን ያጠኑት ሰዎች ግን በልጅነቱ ወደያዘው ስካርሌት ፊቨር ወደሚባል ትኩሳትና ወደ ተደጋጋሚ የጆሮ ሕመም ያደላሉ።

«በረከት ሆነለት» የሚለውን በግማሹ እቀበላለሁ፤ ኤዲሰንም ብሎታልና። በወጣትነቱ በሠራበት ቴሌግራፍ ቤት (በሽቦ መልእክት በሚላክበት) ሌላው ጫጫታ ስለማይሰማው ከፊቱ ያለውን መሣሪያ ብቻ ያዳምጥ ነበር። ፎኖግራፉን (ድምፅ ቀርጾ የሚያሰማውን ማሽን) ሲሠራ የማሽኑን እንጨት በጥርሱ ነክሶ ድምፁን በአጥንቱ ይሰማ ነበር። ብልህ ሰው ነው። ግን ያው ሰው ከ12 ዓመቱ ጀምሮ ወፍ ሲዘምር ሰምቶ እንደማያውቅም ተናግሯል። ይህን ጽሑፉ ዘልሎታል።

ኪሳራም አመጣበት። የሙዚቃ ሸክላ ንግዱ ውስጥ ማን ይቀረጽ፣ የቱ ዘፈን ይውጣ የሚለውን ለብዙ ጊዜ ራሱ ይወስን ነበር። በደንብ የማይሰማ ሰው፣ ያውም በአሮጌ ጣዕም፣ ለወጣት ዘፈን ይመርጣል! ተፎካካሪዎቹ ታዋቂ ድምፃውያንን ይዘው ጥለውት ሄዱ። በ1929 የሸክላ ሥራውን ዘጋ። ፎኖግራፍን የፈለሰፈ ሰው ከሙዚቃ ንግድ ወጣ። በረከት ነው የምንለው የትኛውን ነው?

እዚህ ላይ ስለ ራሴ አንድ ነገር ልናገር፤ አያኮራኝም። አንድ ተማሪ አለኝ። ጆሮው በደንብ አይሰማም። ይህን ግን ለሁለት ወር ያህል አላወቅኩም። ሁልጊዜ ፊት ወንበር ይቀመጣል። ዓይኑን ከአፌ አይነቅልም። ትጉህ ልጅ ነው ብዬ ደስ ይለኝ ነበር። ፈተና ላይ ግን ይወድቃል። አንድ ቀን ከክፍል ስንወጣ ጠብቆ ያዘኝ።

«ቲቸር፣ ወደ ሰሌዳ ዞረው ሲያወሩ ያመልጠኛል» አለኝ።

ለካስ ከንፈሬን ነው የሚያነበው። እኔ ደግሞ ጠመኔ ይዤ፣ ጀርባዬን ሰጥቼ፣ እያወራሁ የምጽፍ ሰው ነኝ። ሁለት ወር ሙሉ ጀርባዬን አስተማርኩት። ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ እጽፋለሁ፣ ቀጥሎ እዞራለሁ፣ ከዚያ እናገራለሁ። በሚቀጥለው ፈተና 50ውን ተሻገረ። ያሻገረው የጆሮው መደንቆር ነው ወይስ የእኔ መዞር? ለዚህ ልጅ «ጆሮህ በረከትህ ነው» የሚለውን ጽሑፍ ልላክለት?

ሦስተኛው ነገር «ማንም ሳይረዳው» የሚለው ነው። እሱ ላይ ትንሽ እቆያለሁ። ጽሑፉ ሁሉ የቆመው በእሱ ላይ ነዋ።

ኤዲሰን በ12 ዓመቱ ገደማ ባቡር ላይ ጋዜጣና ከረሜላ መሸጥ መጀመሩ እውነት ነው። ከፖርት ሂውረን ዲትሮይት ይመላለሳል። ዲትሮይት ባቡሩ ለሰዓታት ሲቆም እሱ ቤተ መጻሕፍት ገብቶ ያነባል። ልብ በሉ፣ ቤተ መጻሕፍት አለ። ደግሞ ክፍት ነው።

በሚያዝያ 1862 የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ተፋፍሞ ነበር። ሺሎ በሚባል ቦታ ትልቅ ውጊያ ሆነ። ልጁ አንድ ዘዴ መጣለት። የቴሌግራፍ ሠራተኛውን ለምኖ የዜናውን ርዕስ ወደፊት ጣቢያዎች አስቀድሞ አስላከ። ሰዉ ጋዜጣ ፍለጋ ጣቢያ ላይ እንደሚሰበሰብ ገብቶታል። ግን በኪሱ ያለው ገንዘብ ለብዙ ጋዜጣ አይበቃም። ታዲያ ጋዜጣ ቤት ገብቶ 1,000 ቅጂ በዱቤ ጠየቀ። እሱ ራሱ እንደተረከው፣ ሰጡት! በየጣቢያው ዋጋ እየጨመረ ሸጦ ጨረሰው።

ይህን ለተማሪዎቼ ስነግራቸው የሚስቁት ዘዴው ላይ ነው። እኔን የሚገርመኝ ዱቤው ነው። የ15 ዓመት ልጅ፣ ልብሱ የቆሸሸ፣ ጆሮው የማይሰማ፣ ያለ ዋስ 1,000 ጋዜጣ ተሸክሞ ወጣ። እኛ አገር የ25 ዓመት ኢንጂነር ብድር ሲጠይቅ መጀመሪያ የሚጠየቀው ቤት ወይም መኪና አለህ ወይ ነው። ቤትና መኪና ቢኖረው ብድር ምን ያደርግለታል?

በዚያው ዓመት የአንድ ባቡር ጣቢያ ኃላፊ ትንሽ ልጅ ሐዲድ ላይ ሲጫወት ፉርጎ ሊደፈጥጠው ሲል ኤዲሰን ዘልሎ አተረፈው። አባትየው ማኬንዚ ይባላል። ውለታውን የመለሰው ቴሌግራፍ በማስተማር ነው። ኤዲሰን ለዓመታት እንጀራ የበላው በዚህ ሙያ ነው። በ1869 ባዶ ኪሱን ኒውዮርክ ሲገባ ደግሞ ፍራንክሊን ፖፕ የሚባል ኢንጂነር የሚያድርበት ቦታ ፈቀደለት፤ የአንድ የወርቅ ዋጋ አስተላላፊ ድርጅት ባትሪ ክፍል ውስጥ። እንግዲህ ቁጠሩ። እናት፣ ቤተ መጻሕፍት፣ ዱቤ ሰጪ፣ ማኬንዚ፣ ፖፕ። ኤዲሰን የተሰጠውን አላባከነም። ይህ የእሱ ነው፣ አንወስድበትም። ግን ተሰጥቶታል።

አምፖሉ ላይ ደግሞ የሙያዬ ነገር ስለሆነ ታገሱኝ።

ኤዲሰን አምፖልን ከምንም አልፈለሰፈም። በኤሌክትሪክ ብርሃን ማውጣት ከእሱ በፊት አሥርተ ዓመታት ያስቆጠረ ሥራ ነው። በእንግሊዝ ጆሴፍ ስዋን የሚባል ሰው በዚያው ሰሞን የካርቦን አምፖል አብርቷል፤ በኋላም እንግሊዝ ውስጥ በአንድ ድርጅት ተጣምረዋል። የኤዲሰን ትልቅነት ሌላ ቦታ ነው።

ደሴ ዳገት ላይ የሚኖር ሰው ይህን ያለ ፊዚክስ ያውቀዋል። ከትራንስፎርመሩ የራቀ ቤት ማታ ማታ አምፖሉ ይቀላል። ጎረቤት ምጣድ ሲሰካ ጭራሽ ይደክማል። ለምን? ሽቦው ኃይሉን መንገድ ላይ ይበላዋል። የሚያልፈው ከረንት (የኤሌክትሪክ ፍሰት) በበዛ ቁጥር ሽቦው የሚበላውም ይበዛል፤ ያውም በካሬ። ከረንቱን በግማሽ ብትቀንሰው ብክነቱ ወደ ሩብ ይወርዳል። ከኤዲሰን በፊት የነበሩት አምፖሎች ወፍራም ካርቦን ነበራቸው፤ ብዙ ከረንት ይጠጣሉ። በእነሱ አንድ ሰፈር ላብራ ብትል የመዳብ ሽቦው ዋጋ ያከስርሃል። የኤዲሰን ቤት መልስ ቀጭን ክር ነበር፤ ሬዚስታንሱ (ከረንትን የመግታት ኃይሉ) ከፍ ያለ፣ በትንሽ ከረንት የሚበራ። መዳቡ ቀጠነ። ሒሳቡ ገጠመ።

«የኤዲሰን ቤት» ያልኩት አውቄ ነው። ሒሳቡን አብሮት የሠራው ፍራንሲስ አፕተን የሚባል በደንብ የተማረ የሒሳብ ሰው ነው። ሙከራውን በእጁ ይሠራ የነበረው እንግሊዛዊው ባችለር ነው። ብረቱን የሚቀርጸው ከስዊዘርላንድ የመጣው ክሩሲ ነው። ብርጭቆውን የሚነፋው ቦኤም ነው። አየሩን ከአምፖሉ የመጠጠው ፓምፕ ደግሞ ሽፕረንግል የሚባል ጀርመን ከዓመታት በፊት የሠራው ዓይነት ነው። በጥቅምት 1879 የከሰለ የጥጥ ክር ከ13 ሰዓት በላይ በራ። በሚቀጥለው ዓመት የከሰለ ቀርከሃ ከ1,000 ሰዓት በላይ አበራ።

ገንዘቡስ? የኤዲሰን ኤሌክትሪክ መብራት ኩባንያ የተቋቋመው በ1878 ነው፤ አምፖሉ ከመሳካቱ ከአንድ ዓመት በፊት! ካፒታሉ 300,000 ዶላር፣ ከጀርባው የባንኩ ባለጸጋ የጄ ፒ ሞርጋን ሰዎች። መስከረም 4 ቀን 1882 ፐርል ስትሪት ላይ ያለው የኃይል ጣቢያ ሲጀምር ኤዲሰን መብራቱን ያበራው እዚያው የሞርጋን ቢሮ ውስጥ ነው። ባለሀብቶቹ ገና ያልበራ አምፖል ላይ ገንዘብ አፈሰሱ። ይህን «ብቻውን» የምትል ቃል አትሸከመውም።

10,000 ጊዜ የሚለው ቁጥርም ከቦታው ተነቅሎ ነው የተተከለው። ወሬው የመጣው ከባትሪ ሥራው ነው። ብዙ ሺህ ሙከራ ተደርጎ ውጤት ሲጠፋ አንድ ባልደረባው አዘነለት። እሱ ግን ውጤትማ ሞልቶኛል፣ የማይሠሩ ብዙ ሺህ ነገሮችን አውቄያለሁ አለ ይባላል። ጥሩ መልስ ነው። ግን ያኔ ኤዲሰን ሀብታም ነው። የሙከራው ደመወዝ ይከፈላል፣ ቁሳቁሱ ይገዛል። ሺህ ጊዜ መሳሳት ውድ ነገር ነው። ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ ልጅ አንድ ሞተር ቢያቃጥል የሁለተኛውን ከየት ያመጣል?

ስለ ጽናት ካነሳን ደግሞ ጽሑፉ የዘለለው ታሪክ አለ። በ1890ዎቹ ኤዲሰን ኒውጀርሲ ተራራ ላይ ድንጋይ ፈጭቶ በማግኔት ብረት ለመለየት ወደ አሥር ዓመት ገደማ ታገለ። በአምፖሉ ላይ ያሳየው ጽናት ሁሉ እዚያም አለ። እንደውም ይበልጣል። ግን በሌላ ክፍለ ሀገር፣ ሜሳቢ በሚባል ቦታ፣ ርካሽና ሀብታም የብረት ማዕድን ተገኘ። ዋጋው ወደቀ። ሚሊዮኖች ከሰረ። ሰውዬው ያው፣ ጽናቱ ያው። ያልነበረው ገበያ ነው። ጽናት ብቻውን የሚበቃ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ኤዲሰንን በብረት ነበር የምናውቀው። (ከዚያ የተረፈውን የመፍጫ እውቀት ለሲሚንቶ ተጠቅሞበታል። ይህን አልክድም።)

የ1914ቱ ቃጠሎ ላይ አጭር ልሁን። ታኅሣሥ 9 ምሽት በዌስት ኦሬንጅ ያለው ፋብሪካው ተቃጠለ። ሰውዬው አለመደናገጡ፣ ልጁን እናትህን ጥራት፣ እንዲህ ያለ እሳት ዳግም አታይም ማለቱ ይተረካል። ወኔው አለ። ነገር ግን ዋናው ላቦራቶሪ ተርፏል። ከፊሉ ንብረት ኢንሹራንስ ነበረው። ጓደኛው ሄንሪ ፎርድ ገንዘብ አበደረው። ይህ ከባዶ መጀመር አይደለም።

ከባዶ መጀመር ምን እንደሆነ ኮምቦልቻ ያለ ሰው ይጠየቅ። በእኛ 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ብዙ ሰው ቤቱን ቆልፎ ወጣ። አንድ የማውቀው በያጅ ሲመለስ ቤቱን ባዶ አገኘው። ብየዳ ማሽኑ የለም። ግራይንደሩ የለም። ጠረጴዛው ላይ የተነጠቀው ጉጠት ቅርጽ ብቻ በአቧራው ላይ ቀርቶ ነበር። ኢንሹራንስ የለውም። ሥራ የጀመረው እንዴት ነው? ሌላ በያጅ ጓደኛው ማታ ማታ ማሽኑን አዋሰው። ዕቁብተኞቹ ተራቸውን ለቀው የመጀመሪያውን ዕጣ ሰጡት። ቀን ተኝቶ ሌሊት እየበየደ ከረመ።

ጽሑፉን አነበብኩለት። የብየዳ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ አዳመጠኝ። ፎርድ ጋ ስደርስ አስቆመኝ።

«መምህር፣ ይሄ ፎርድ የሚሉት ሰውዬ መኪና ሠሪው ነው?»

«አዎ፣ እሱ ነው።»

«አቦ!» አለና ሳቀ። «እንግዲያ እኔም ጓደኛዬን ፎርድ ልበለው።»

ያን ቀን መብራት የለም ነበር። የአንድ ቤት በር ግማሹ ተበይዶ ግድግዳ ላይ ተደግፎ ቆሟል። ባለቤቱ ሁለቴ ደውሏል። በያጁ መብራት እስኪመጣ ቡና እየጠጣ ተቀምጧል። ጽሑፉ የሚወቅሰው ይህን ሰው ነው። መብራት የለም ማለት ሰበብ ነው ተብሎ ነዋ የተጻፈው።

ወንድሜ ጸሐፊው፣ እዚህ ላይ ቆም ብለህ አስብ። ኤዲሰን ሥራው ምን ነበር? ለሰው ያልተቋረጠ መብራት ማድረስ! ጄኔሬተሩን፣ ፊውዙን፣ ቆጣሪውን፣ በመሬት ውስጥ የሚያልፈውን ሽቦ ያሠራው ለዚያ ነው። ሰው ጨለማ ሰለቸን ሲል እሱ ሰበብ ነው አላለም፤ ገበያ ነው አለ። አንተ በእሱ ስም ቅሬታውን ዝም ልታሰኝ ነው።

ሰበብ የሚያበዛ ወጣት የለም አልልም። ክፍሌ ውስጥ አሉ። መብራት ሲመጣም የማይሠራ፣ ማሽን ሲሰጠውም የሚያኮርፍ አለ። እነሱን ግን ስም ጠርቼ፣ ቀን ቆጥሬ እገሥጻለሁ እንጂ የከተማውን ልጅ ሁሉ አልሰድብም። ደግሞ ነገሩ የሒሳብ ስህተት አለበት። ሐረጎ ላይ መኪና ተገልብጦ የተረፈ ሰው ቢያጋጥምህ፣ እድለኛ ነህ ትለዋለህ እንጂ መገልበጥ ለጤና ጥሩ ነው አትልም። በዚያን ዘመን አሜሪካ ውስጥ ጆሮው የታመመ፣ ትምህርት የተወ፣ ባቡር ላይ የሚለፋ ልጅ ስንት ነበር? እነሱስ ችግር አልነበረባቸውም? የት ደረሱ ብሎ የጻፈ የለም። እኛ የምናነበው ወጥቶ የነገረንን ሰው ብቻ ነው።

የእውነት የችግር ታሪክ የሚፈለግ ከሆነ ደግሞ ሉዊስ ላቲመር አለ። ጥቁር ነው። ወላጆቹ ከባርነት ያመለጡ ናቸው። የአምፖሉን የካርቦን ክር አሠራር በማሻሻል በ1882 ፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) አግኝቷል፤ ያኔ የሚሠራው ለተፎካካሪ ነበር፣ በኋላ ወደ ኤዲሰን ድርጅት ገባ። ፎቶው ከነጥቅሱ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ግን አላየሁም።

ሚኒባሱ ኮምቦልቻ ሲገባ ጉሙ ከላይ ቀርቶ ፀሐይ ወጣ። አባትየው ሲወርዱ ልጁን «ማታ አንብበው፣ ልኬልሃለሁ» አሉት። እኔ ጣልቃ አልገባሁም። የማላውቃቸው ሰው ናቸው፣ ደግሞም ለልጃቸው ብለው ነው።

ክፍሌ ገብቼ ግን የዕለቱን ትምህርት ተውኩትና የኤዲሰንን ታሪክ እንደገና ነገርኳቸው። የዛሬ ሁለት ዓመት ያነበብኩት ደብዳቤ ውሸት ነው አልኩ። እናቱ ተቆጥታ ትምህርት ቤት መሄዷን ነገርኳቸው። ዱቤውን ነገርኳቸው። ፊት ወንበር ያለው ልጅ እጁን አወጣ።

«ቲቸር፣ እናትየው ማን ነበር ስሟ?»

ጠመኔ አነሳሁና ሰሌዳው ላይ «ናንሲ» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ወደ እሱ ዞሬ ነገርኩት።